«በጥናቱ ልሳተፍ ወይስ ይቅርብኝ?» ከቫስኩላይቲስ ጋር ያሳለፍኩት ተሞክሮ

ቫስኩላይቲስ የሚባለው የደም ሥር ብግነት ብዙ ሰው ስሙን እንኳ ያልሰማው፣ ብዙ ሐኪሞችም በሥራ ዘመናቸው ከጥቂት ጊዜ በላይ የማያጋጥማቸው ሕመም ነው። ሰውነትን ሊጠብቅ የተፈጠረው የመከላከያ ሥርዓት ተሳስቶ የራሱን የደም ሥሮች ግድግዳ ሲያጠቃ ሥሮቹ ይቆጣሉ፣ ይጠባሉ፣ አንዳንዴም ይደማሉ፤ በቂ ደም ያልደረሰው የአካል ክፍልም ይጎዳል። እኔን የያዘኝ ትንንሽ የደም ሥሮችን የሚያጠቃውና ሐኪሞች በአጭሩ ጂፒኤ የሚሉት ዓይነት ነው። ይህን የምጽፈው ሕመሙ ሳይታወቅ የሚባክነው ጊዜ ለሌሎች እንዲያጥርላቸው ብዬ ነው፤ ከዚያም በላይ ደግሞ ሐኪማቸው አንድ ቀን «በጥናት ላይ ለመሳተፍ ፈቃደኛ ነዎት?» ብሎ ሲጠይቃቸው በቂ ነገር አውቀው እንዲወስኑ ስለምፈልግ ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ በአፍንጫዬ ነው። ጠዋት ጠዋት ስናፈጥ ደም ያዘለ ወፍራም ቅርፊት ይወጣል፤ ጉንፋን ነው ተባለ፣ ቆይቶ አለርጂ ተባለ፣ ቀጥሎም የሳይነስ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ። ከዚያ አንዱ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ጉልበቴና ቁርጭምጭሚቴ በየተራ ያብጡ ጀመር፤ ዓይኔም ቀላ። ለጆሮው ወደ ጆሮ ሐኪም፣ ለዓይኑ ወደ ዓይን ሐኪም፣ ለጉልበቱ ወደ ሌላ ሐኪም ሄድኩ። እያንዳንዳቸው የየድርሻቸውን በሚገባ መርምረዋል፤ ነገር ግን ሁሉንም አንድ ላይ አድርጎ የተመለከተ አልነበረም። በዚህ ሕመም ላይ በብዛት የሚፈጸመው ስህተትም ይኸው ነው። ማንም በግዴለሽነት አይሠራውም፤ ምልክቶቹ ተበታትነው ስለሚመጡ ብቻ ይፈጸማል።

መንገዱ የተለወጠው አንድ ወጣት ሐኪም ስለ አፍንጫዬ ነግሬው ሳበቃ ሽንት እንድሰጥ በጠየቀኝ ጊዜ ነው። ለዓይን ሽንቴ ጥርት ያለ ነበር፤ ሕመምም ሆነ ማቃጠል አልነበረኝም። ቀጭኗን መመርመሪያ ስትሪፕ ነክሮ አወጣና ሰዓቱን እያየ ያዛት፤ ደምን የምታመለክተው ቢጫ ካሬ መጀመሪያ አረንጓዴ ነጠብጣቦች አወጣች፣ ከዚያም ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆነች፤ ፕሮቲንን የምታመለክተውም ቀለሟ ተለወጠ። በዚያው ዕለት የተሠራው የደም ምርመራ የኩላሊት ሥራ የሚለካበት ክሪያቲኒኔ ከፍ ማለቱን አሳየ። ኩላሊት በዚህ ሕመም ሲጠቃ ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ሰውየው ተሰምቶት ወደ ሐኪም እስኪሄድ ድረስ ብዙ ተጎድቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ አፍንጫው፣ ጆሮው፣ መገጣጠሚያው፣ ቆዳው ወይም ሳንባው በተደጋጋሚ አንድ ላይ የሚታመምበት፣ ክብደቱ የሚቀንስና ድካሙ የማይለቀው ሰው ካለ፣ «ሽንቴንና ክሪያቲኒኔን ተመልከቱልኝ» ብሎ ለመጠየቅ አይፈር። ርካሽና ፈጣን ምርመራ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው።

ቀጥሎ አንካ የሚባለው አንቲቦዲ በደሜ ውስጥ ተገኘ፤ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና መሰል የብግነት ሕመሞች) ሐኪሟ ግን በዚህ ብቻ አልረካችም። አንካ በአንዳንድ ኢንፌክሽኖች፣ ለምሳሌ በሳንባ ነቀርሳና በልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን፣ እንዲሁም ለደም ግፊትና ለእንቅርት በሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ምክንያት ሊገኝ እንደሚችል አስረዳችኝ፤ የመከላከያ ሥርዓትን የሚያዳክም መድኃኒት ኢንፌክሽን ላለበት ሰው መስጠት ደግሞ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ከኩላሊቴ ናሙና ተወሰደ። ባዮፕሲውን ፈርቼው ነበር፤ አሁን ግን የምርመራው ውጤት በአንድ የደም ወረቀት ላይ ብቻ የቆመ ሰው ካገኘሁ ሌላ ማረጋገጫ እንዲጠይቅ እመክረዋለሁ።

ሕክምናዬ የተጀመረው ብግነትን በሚያበርድ ፕሬድኒሶሎን የተባለ ኮርቲኮስቴሮይድ በከፍተኛ መጠን፣ እንዲሁም ሪቱክሲማብ በሚባል በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት ነው። ከዚያ በፊት ለሄፓታይተስ ቢና ለሳንባ ነቀርሳ ተመረመርኩ፤ መድኃኒቱ ተኝተው የነበሩ ኢንፌክሽኖችን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ይህ ምርመራ ሳይደረግላችሁ አትጀምሩ። መድኃኒቱ በቱቦው ውስጥ እየተንጠባጠበ ሳለ ሐኪሟን «ይህ ለእኔ ሕመም እንደሚሠራ በምን ታወቀ?» ብዬ ጠየቅኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና የነገረችኝ ነገር በኋላ በጥናት ለመሳተፍ ላደረግሁት ውሳኔ መሠረት ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1958 የታተመ አንድ ግምገማ እንዳሳየው የእኔ ዓይነት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሕክምና ሳያገኙ በአማካይ የሚኖሩት 5 ወር ብቻ ነበር፤ 82 በመቶዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞቱ ነበር። በ1970ዎቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም አንቶኒ ፋውቺና ባልደረቦቻቸው የመከላከያ ሥርዓትን የሚያዳክመውን ሳይክሎፎስፋማይድን የፕሬድኒሶሎን የቅርብ ዘመድ ከሆነው ፕሬድኒሶን ጋር መስጠት ጀመሩ፤ በ1983 ባወጡት የ85 ታማሚዎች ዘገባ አብዛኞቹ ሕመማቸው ጋብ ብሎላቸው ነበር። በ1992 ደግሞ 158 ታማሚዎችን ለረጅም ጊዜ ተከታትሎ የወጣው ዘገባ የመድኃኒቱን ዋጋ ገለጠ፤ የፊኛ መድማት፣ የፊኛ ካንሰርና መካንነት። ሰዎቹ ከሞት ተርፈዋል፤ ነገር ግን ያዳናቸው መድኃኒት ራሱ ጎድቷቸዋል። ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ እንዴት በአነስተኛ ጉዳት እናድን የሚል ሆነ። በ2003 የታተመ የአውሮፓውያን ጥናት ሕመሙ ጋብ ካለ በኋላ ሳይክሎፎስፋማይድን ትቶ አዛታዮፕሪን ወደተባለ ሌላ መድኃኒት መሻገር ማገርሸትን እንደማይጨምር አሳየ። በ2010 ደግሞ ሬቭ የተባለው ጥናት 197 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ሪቱክሲማብን ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር አነጻጸረ፤ በ6 ወር ላይ ፕሬድኒሶን አቁመው ሕመማቸው ጋብ ያለላቸው ከሪቱክሲማብ ቡድን 64 በመቶ፣ ከሌላው ቡድን 53 በመቶ ነበሩ። ሪቱክሲማብ ከቀድሞው መድኃኒት እንደማያንስ ታወቀ፤ ሕመሙ ያገረሸባቸው ሰዎች ዘንድ ደግሞ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ የምቀበለው ሕክምና፣ ውጤቱን ሳያውቁ ስማቸውን የፈረሙ ሰዎች ያስገኙት እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሌላው መማሪያ የሆነኝ የፕሬድኒሶሎኑ ጉዳይ ነው። ፊቴ ያበጠበት፣ እንቅልፍ ያጣሁበት፣ ስኳሬ ከፍ ያለበት መድኃኒት ነውና መጠኑ ቢቀንስልኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ ሆኖም ሐኪሟ ካሰብኩት በላይ በፍጥነት ስትቀንስልኝ ፈራሁ። ኩላሊቴ ገና አላገገመም ነበር። እሷም ፔክሲቫስ የተባለውንና 704 ታማሚዎች የተሳተፉበትን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመውን ጥናት ጠቀሰችልኝ። ኮርቲኮስቴሮይዱ በፍጥነት የተቀነሰላቸው ሰዎች በሞትና ኩላሊትን ሙሉ በሙሉ በማጣት ረገድ በቀድሞው መጠን ከቀጠሉት የባሰ አልደረሰባቸውም፤ በመጀመሪያው ዓመት የገጠማቸው ከባድ ኢንፌክሽን ደግሞ ያነሰ ነበር። ያው ጥናት ለብዙ ዓመታት ተስፋ የተጣለበት የፕላዝማ ልውውጥ (የደሙን ፈሳሽ ክፍል አውጥቶ በሌላ መተካት) ሞትን ወይም የኩላሊት መጥፋትን በግልጽ እንዳልቀነሰም አሳይቷል። አስቡት፤ ለዓመታት በልማድ ሲሰጥ የነበረው ከፍተኛ መጠን ከሚያስፈልገው በላይ እንደነበረ የታወቀው፣ አንድ ሰው «እርግጠኛ ነን ወይ?» ብሎ ስለጠየቀና ሌሎች ለመፈተን ፈቃደኛ ስለሆኑ ነው።

ሕመሜ ጋብ ካለና ፕሬድኒሶሎኑ ወደ ትንሽ መጠን ከወረደ በኋላ የጥናቱ ጥያቄ መጣ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ሕመሙ ከተኛ በኋላ ትንሿን የቀን ፕሬድኒሶሎን መቀጠል ይሻላል ወይስ ጨርሶ ማቆም? የሚቀጥሉትና የሚያቆሙት በዕጣ ይለያሉ፤ ማን የትኛው ቡድን እንደደረሰውም ይነገረዋል። የመጀመሪያ ስሜቴ ፍርሃት ነበር። «መሞከሪያ ልታደርገኝ ነው» የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ዘመዶቼም ይህንኑ ነው ያሉት። ሌላው ስሜቴ ተቃራኒው ነበር፤ በጥናት ከገባሁ የተሻለ ሕክምና አገኛለሁ የሚል ተስፋ። አሁን ሳስበው ሁለቱም መንገድ ያስታሉ፤ ሁለተኛው ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ጥሩ ስሜት ስለሚሰጥ ማንም አይጠራጠረውም። ጥናት የሚደረገው ለወደፊት ታማሚዎች እውቀት ለማግኘት ነው፤ ለተሳታፊው የሚተርፍ ጥቅም ሊኖር ይችላል፣ ላይኖርም ይችላል።

አዲስ ማለት የተሻለ ማለት እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌ በዚሁ ሕመም ታሪክ ውስጥ አለ። ኤታነርሴፕት ለመገጣጠሚያ ብግነት እጅግ የሚረዳ መድኃኒት በመሆኑ ለእኛም ይጠቅማል ተብሎ በ180 ታማሚዎች ላይ ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2005 ውጤቱ ሲታተም ሕመሙን በእረፍት ለማቆየት አልረዳም፤ በዚያ ላይ መድኃኒቱን በወሰዱት መካከል 6 ሰዎች በአካል ክፍሎቻቸው ላይ ካንሰር ሲወጣባቸው ፕላሲቦ (መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ) ከወሰዱት ማንም አልወጣበትም። ጥናቱ ባይደረግ ኖሮ ይህ መድኃኒት በየክሊኒኩ ለብዙዎቻችን ሊታዘዝ ይችል ነበር። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው በዕጣ መደልደልን መፍራት የተውኩት፤ ሐኪሞች የትኛው እንደሚሻል በእውነት በማያውቁበት ጊዜ ዕጣ ከግምት የበለጠ ፍትሐዊ ነው።

የስምምነት ቅጹ ብዙ ገጾች ያሉት ነበር። የጥናቱ አስተባባሪ ነርስ እዚያው እንድፈርም አልጠየቀችኝም፤ «ቤትዎ ወስደው ያንብቡት፣ ያልገባዎት ላይ ምልክት ያድርጉበት» አለችኝ። ወዲያውኑ ፈርሙ የሚላችሁ ካለ ያ ራሱ ለመጠንቀቅ በቂ ምክንያት ነው። ከሁሉ በፊት የጠየቅሁት «ባልሳተፍ ምን ዓይነት ሕክምና ነው የማገኘው?» የሚለውን ነው፤ ይህን ሳታውቁ የጥናቱን ጉዳትና ጥቅም ከምንም ጋር ማነጻጸር አትችሉም። ቀጥሎ ሕመሙ ቢያገረሽብኝ ማን እንደሚያክመኝ፣ ሌሊት ቢሆን ለማን እንደምደውል፣ ተጨማሪ ምርመራዎችን ማን እንደሚከፍል፣ በጥናቱ ምክንያት ጉዳት ቢደርስብኝ ሕክምናው በማን ኃላፊነት እንደሆነ ጠየቅሁ። የደም ናሙናዬ የት እንደሚቀመጥ፣ የዘረመል ምርመራ ይደረግበት እንደሆነ፣ ሐሳቤን ብለውጥ ይወገድልኝ እንደሆነም አነሳሁ፤ ይህኛው በቅጹ መጨረሻ አካባቢ በጥቂት መስመር ብቻ የተጻፈ ስለነበረ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፈዋል። ፕላሲቦ ያለበት ጥናት ከሆነ ደግሞ ፕላሲቦው በምን ላይ ተጨምሮ እንደሚሰጥ ጠይቁ። በከባድ ሕመም ላይ በሚደረጉ የቫስኩላይቲስ ጥናቶች ፕላሲቦ የሚሰጠው በአብዛኛው ከመደበኛው ሕክምና ጋር ነው እንጂ ታማሚን ባዶ እጁን ለመተው አይደለም፤ በሬቭ ጥናትም ሁሉም ተሳታፊ ከሁለቱ እውነተኛ መድኃኒቶች አንዱን አግኝቷል።

ጥናቱን የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ማጽደቁንና በየጊዜው ደኅንነቱን የሚከታተል ከአጥኚዎቹ የተለየ አካል መኖሩንም አረጋገጥኩ። በማንኛውም ጊዜ ምክንያት ሳልሰጥ መውጣት እንደምችልና በዚህ የተነሳ መደበኛ ሕክምናዬ እንደማይጓደል በጽሑፍ ሰፍሯል። እ.ኤ.አ. በ1964 ከወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ ጀምሮ በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት መርሆች በግልጽ ተቀምጠዋል፤ እነዚህን ማስታወስ ለሐኪሙ ቅር የሚያሰኝ ነገር አይደለም። የእኔዋ ሐኪም ጥያቄ ባበዛሁ ቁጥር ይበልጥ ትረጋጋ ነበር።

ፈረምኩ፤ ዕጣው የሚያቆሙት ቡድን ውስጥ ጣለኝ። ከዚህ በኋላ የሆነው በአብዛኛው አሰልቺ ነው፤ ክትትል፣ የደም ቱቦዎች፣ ሽንት፣ ስለ ድካምና ስለ ሕመም ስሜት የሚጠይቁ ረጃጅም መጠይቆች። መጠይቆቹን አቃልላችሁ አትሙሏቸው። የላቦራቶሪ ቁጥር ድካማችንን አይለካም፤ ያ ድካም በውጤቱ ውስጥ የሚገባው እኛ በታማኝነት ከጻፍነው ብቻ ነው።

ከባዱ ወቅት የመጣው የመጨረሻዎቹን ሚሊግራሞች በመቀነስ ላይ ሳለሁ ነው። ሰውነቴ ዛለ፣ መገጣጠሚያዎቼ ጠዘጠዙ፣ ስነሳ ያዞረኝ ጀመር። ሕመሙ አገረሸ ብዬ ደነገጥኩ። በተሰጠኝ ቁጥር ስደውል በማግስቱ ጠሩኝ፤ ሽንቴ ንጹሕ፣ ክሪያቲኒኔ ባለበት፣ የብግነት መለኪያውም ዝቅተኛ ነበር። ኮርቲዞል የተባለው ሰውነት ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን ጠዋት ሲለካ ግን አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች የራሳቸውን ኮርቲዞል ማምረት ይቀንሳሉ፤ መድኃኒቱ ሲቀነስ እስኪነቁ ጊዜ ይፈልጋሉ። ቅነሳው ለጊዜው ቆሞ፣ ኋላም ይበልጥ እየተዘገመ ቀጠለ። ይህ በጥናቱ መመሪያ ውስጥ አስቀድሞ የታሰበበት ስለነበረ ከጥናቱ አላስወጣኝም።

በዚህ ነጥብ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለ። በክትትል ቀጠሮ የተዋወቅሁት አንድ ታማሚ በጥናቱ ውስጥ ሳይሆን በራሱ ውሳኔ፣ ፊቱ ማበጡ አስመርሮት ፕሬድኒሶሎኑን በአንድ ጊዜ አቆመ፤ እያስመለሰውና ራሱን ስቶ ድንገተኛ ክፍል ገባ። በጥናት ውስጥ ማቆም ማለት በደረጃ፣ በምርመራ እየታየ፣ የሚደወልለት ሰው ባለበት ማቆም ነው። የጥናት ዜና ሰምታችሁ በቤታችሁ አትሞክሩት። ፕሬድኒሶሎን የምትወስዱ መሆናችሁን የሚገልጽ ካርድ በኪሳችሁ ያዙ፤ አደጋ ቢደርስ ወይም ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ሐኪሞቹ መጠኑን ከፍ ማድረግ ሊኖርባቸው ይችላል። ሪቱክሲማብ ወይም ሳይክሎፎስፋማይድ የምትወስዱ ከሆነ የሳንባ ኢንፌክሽንን ለመከላከል ኮትሪሞክሳዞል ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ጠይቁ፤ ሕያው ተህዋስያን ያሉባቸውን ክትባቶች ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትውሰዱ፤ ልጅ መውለድ የምታስቡ ከሆነም ሳይክሎፎስፋማይድ ከመጀመሩ በፊት ተናገሩ፤ ከተጀመረ በኋላ አማራጩ ይጠብባል።

እኔ ያደረግሁትን ሁሉም ሰው ማድረግ አለበት አልልም። ሕመሙ በኃይል በተነሳበት፣ ሐሳብ በተበታተነበት ሰዓት ለሚቀርብ ጥያቄ «አሁን አልችልም» ማለት ትክክለኛ መልስ ነው፤ ወደ ሆስፒታል የሚደረገው ምልልስ የሚከብደውም አለ። መድኃኒት የማይቀየርባቸው ሌሎች መንገዶችም አሉ፤ የታማሚዎች መዝገብ ውስጥ መመዝገብ፣ መጠይቅ መሙላት፣ በመደበኛ ምርመራ ጊዜ ጥቂት ተጨማሪ ደም መስጠት። ሕመሙ ብርቅ ስለሆነ አንድ ሆስፒታል ብቻውን በቂ ታማሚ አያገኝም፤ በሰሜን አሜሪካ የቫስኩላይቲስ ክሊኒካዊ ምርምር ጥምረት፣ በአውሮፓ ደግሞ ኢዩቫስ የተባለው የአጥኚዎች ማኅበር ብዙ ሆስፒታሎችን አስተባብረው የሚሠሩት ለዚህ ነው። በመካሄድ ላይ ያሉ ጥናቶችን ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ገቭ በተባለው የሕዝብ መዝገብ በነጻ መፈለግ ይቻላል። በመዝገቡ ላይ መገኘት ብቻ ግን የጥናቱን ጥራት አያረጋግጥም፤ ተሳታፊውን ለሚሞከረው ሕክምና ገንዘብ የሚያስከፍል ጥናት ካጋጠማችሁ ከራሳችሁ ሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ እሺ አትበሉ።

ቤተሰባቸው ውስጥ አረጋዊ ላለባቸውም አንድ ነገር ልጨምር። ጃይንት ሴል አርተራይተስ የሚባለው ሌላው የቫስኩላይቲስ ዓይነት ከ50 ዓመት በላይ ያሉ ሰዎችን ይይዛል፤ አዲስ የራስ ምታት፣ ሲያኝኩ የሚያም መንጋጋ፣ ሲነካ የሚያም የራስ ቆዳ ወይም ድንገተኛ የእይታ መደብዘዝ ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባቸው፤ ሕክምናው ከዘገየ ዓይን ሊጠፋና ላይመለስ ይችላል። ለእነዚህ ሰዎችም ጥናት አማራጭ አስገኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመውና 251 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ቶሲሊዙማብ የተባለ መድኃኒት ሲጨመር በዓመቱ መጨረሻ ሕመማቸው ጋብ ብሎ የቆየላቸው ከግማሽ በላይ መሆናቸውን፣ ፕሬድኒሶን ብቻ በወሰዱት ዘንድ ግን ከአምስት ሰዎች አንድ እንኳ እንዳልሞላ አሳይቷል።

የምትሳተፉ ከሆነ ውጤቱ በምን መንገድ እንደሚነገራችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ብዙ ተሳታፊዎች የሰጡት ደምና ጊዜ ምን እንዳስገኘ ሳይሰሙ ይቀራሉ፤ ሕትመቱ ለሐኪሞች በተጻፈ ቋንቋ ይወጣና እዚያው ይቀራል። እኔ በቀላል ቋንቋ የተዘጋጀ ማጠቃለያ እንዲላክልኝ በጽሑፍ ጠይቄ፣ አስተባባሪዋም ጥያቄውን ከፋይሌ ጋር አያይዛዋለች።